ትከሻዬን እቤት ትቼ

አንካራ ውስጥ የባህል ጭፈራ መማር ለሚፈልግ ሰው ቦታ ችግር አይደለም። የየክፍለ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ኮርስ አለው። የሕዝብ ትምህርት ማዕከል የሚባሉት የመንግሥት ተቋማት ከልብስ ስፌቱና ከኮምፒውተሩ ጎን ጭፈራም ያስተምራሉ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ክበብ አላቸው። ችግሩ ደውላችሁ ስትጠይቁ ይመጣል። "የየትኛውን ክፍለ ሀገር?" ይሏችኋል። "የቱርክን" ካላችሁ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሳቋን ለመያዝ ትቸገራለች።

እውነቷን ነው። የቱርክ ጭፈራ የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ ሃላይ ይጨፍራል። የጥቁር ባሕር ዳርቻ ሆሮን ነው። ኤርዙሩምና ካርስ አካባቢ ባር ነው (መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ)። በምዕራብ፣ በኤጅያን ባሕር በኩል፣ ዘይቤክ አለ። በአውሮፓ በኩል የቀረችው ትራክያ ካርሺላማ ትወዳለች። ኮንያና ሲሊፍኬ በየእጃቸው ሁለት ሁለት የእንጨት ማንኪያ ይዘው እያንኳኩ ይጨፍራሉ። ቡርሳ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሙዚቃ የሌለው የሰይፍና የጋሻ ጭፈራ አለ። ምቱን የሚሰጠው ሰይፉ ጋሻው ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ የመረጥኩት ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያቀምስ የቅዳሜና እሁድ ወርክሾፕ ነው። ማስታወቂያው አራት ጭፈራ ይላል፦ ሃላይ፣ ሆሮን፣ ዘይቤክ፣ ካርሺላማ። ጀማሪ መምጣት ይችላል ይላል። ለስላሳ ጫማ ያዙ ይላል። ተመዘገብኩ።

ምክንያቴ ሰርግ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ የሰርግ ጥሪ በዝቶብኛል። አንድ ባልደረባ ሲያገባ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይጠራል። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ሙሽሮቹ ብቻቸውን ይደንሳሉ። ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ኬክ መብላት ይቻላል። ከዚያ ዳቩልና ዙርና ይገባል። ዳቩል በትከሻ የሚንጠለጠለው ትልቁ ከበሮ ነው። ዙርና የሚነፋው ነው፤ ድምፁ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ይኼኔ ቁጭ ማለት አበቃ። የማታውቋት ሴትዮ መጥታ ክንዳችሁን ትይዛለች። እምቢ ማለት ነውር ነው።

አገር ቤት ቢሆን ቀላል ነበር። "ተነሺ እንጂ!" ሲሉሽ ትነሻለሽ። ከአንድ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ። ሁለት ሦስቴ ትከሻሽን ታወርጅዋለሽ። እልል ይባልልሻል፣ ትቀመጫለሽ። ማንም አይፈትንሽም። ሃላይ ውስጥ እንዲህ ያለ መውጫ የለም። በግራም በቀኝም ተይዘሻል። ቀኝ እግርሽን ማንሳት ሲገባሽ ግራውን ካነሳሽ ጎረቤትሽን ትረግጫታለሽ። እሷ ደግሞ ጎረቤቷን።

ወደ ወርክሾፑ ስሄድ የማገኘው የውጭ አገር ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር። የኤምባሲ ሠራተኛ፣ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ፣ እንደኔ ያለ። አዳራሹ ውስጥ ግን ከሁለት ከሦስት ሰው በስተቀር ሁሉም ቱርኮች ናቸው። ገረመኝ። የራሳቸውን ጭፈራ ከፍለው ሊማሩ ነው?

በየተራ ራሳችንን አስተዋወቅን። አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ሊያገባ ነው። ሙሽራዋ የዲያርባክር ልጅ ናት። የእሱ ቤተሰብ ከዮዝጋት የመጣ ቢሆንም እሱ አንካራ ተወልዶ አንካራ ነው ያደገው። "የሷ ወንድሞች ፊት እንዳልዋረድ" አለ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አሉ፤ ሐኪሙ እንቅስቃሴ አድርጉ ብሏቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጃገረዶች አሉ። ሻሽ ያሰሩ አንዲት ትልቅ ሴትም አሉ። እሳቸው ለመማር አልመጡም። የልጅ ልጃቸውን አምጥተው ግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ቴይዜ ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው።

አንካራ እ.ኤ.አ. በ1923 ዋና ከተማ ስትሆን ትንሽ ከተማ ነበረች (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ይኼ ሁሉ ሰው ከየትም አይደለም የመጣው፤ ከሲቫስ ነው፣ ከዮዝጋት፣ ከቾሩም፣ ከኤርዙሩም። አያት መንደር ውስጥ ጨፈረች። እናት ከተማ መጥታ በሰርግ በሰርግ ብቻ ጨፈረች። ልጅ ደግሞ ቪዲዮ ላይ አየች። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ወርክሾፕ ያስፈልጋል። ይህንን ሳስብ እኔ ራሴ ትዝ አልኩኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የአባቴ አገር ጎጃም ነው። እስክስታ የማውቀው ከቴሌቪዥንና ከዘመድ ሰርግ ነው። አንድ የጎጃም ገበሬ አዳራሹ ጥግ ቁጭ ብሎ ቢያየኝ ምን እንደሚለኝ እግዜር ይወቅ።

መምህሩ በሃላይ ጀመረ። ሰዉ ሆጃ ነው የሚለው። ረጅም ገለጻ አልሰጠም። አሰለፈንና "ትንሿን ጣታችሁን ስጡ" አለ። ሃላይ ብዙ አያያዝ አለው። አንዳንድ ቦታ ክንድ ለክንድ ይቆላለፋል። አንዳንድ ቦታ ትከሻ ለትከሻ ነው። በጣም የተለመደው ግን ይኼ ነው፦ የቀኝ ትንሿ ጣት የጎረቤትን የግራ ትንሿ ጣት ትቆልፋለች። ከዚያ ክንዱ በሙሉ ይጠጋል። ክርን ከክርን፣ ትከሻ ከትከሻ። አውቶቡስ ውስጥ ቢሆን "ወዲያ በል" የምትለው ያህል ቅርብ ነው።

"እግራችሁን አትዩ" አለ ሆጃ። ሁላችንም እግራችንን አየን።

እግርን ማየት ለምን እንደማይጠቅም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገባኝ። ሃላይ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ሰልፉ ሲሄድ የቀኝ ጎረቤቴ ክንድ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጎትተኛል። እግር ሊነሳ ሲል ክንድ ወደ ታች ይጫናል። ጉልበት ሲታጠፍ ትከሻው ይወርዳል። ይኼ ሁሉ ዓይን ከማየቱ በፊት በክንድ በኩል ይደርሳል። ቀኜ ላይ የነበረችው የሕክምና ተማሪ ልምድ ነበራት። ከእሷ ጋር ስያዝ እግሬ ራሱ ያውቃል። እረፍት ወጥተን ስንመለስ ቦታ ተለዋወጥንና ባንክ ቤቱ ልጅ አጠገቤ መጣ። ወዲያው ሁሉ ነገር ጠፋኝ። ሁለት ዕውር ተያይዞ ገደል አለ የአገሬ ሰው።

በሰልፉ ጫፍ የሚቆመው መሪ መሐረብ ይይዛል። መሐረቡን እያሽከረከረ ለሁሉም ምልክት ይሰጣል። ሲጮህ እርምጃው ይቀየራል። ተንበርክኮ ሊነሳ፣ ከሰልፉ ሊወጣና ሊዞር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ጭራው ላይ ያለውም ሰው አንዳንድ ቦታ መሐረብ አለው። መሐል ያለነው ግን አንድ ዓይነት ነን። እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። እርምጃው አይደለም፤ እሱ ተደጋግሞ ይለመዳል። የከበደኝ ከራሴ ምንም አለመጨመር ነው። እስክስታ ያደገው በመገጣጠም ነው። ሰው ፊት ለፊት ትቆሚያለሽ። እሱ አንድ ነገር ሲያመጣ አንቺ የባሰ ታመጫለሽ። አንገት ይታከላል፣ ትንፋሽ ይታከላል፣ "እሰይ" ይባላል። ሃላይ ውስጥ ሰባተኛዋ ሴት የራሷን ነገር ብታክል ማንም እሰይ አይላትም። ስምንተኛዋ ክንዷን ትይዛለች።

ከሰዓት ሊደርስ ሲል ሆጃ የሲቫስ ሃላይ ጀመረ። መጀመሪያ ከባዱና ዝግ ያለው ክፍል ነው፤ አኧርላማ ይሉታል። እየቆየ ይፈጥናል። ሆጃ እንደ ልማዱ እየቆጠረ ያስተምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት ላይ ቀኝ ጉልበት። ይኼን ጊዜ ከጥጉ ድምፅ መጣ።

"የእኛ እንዲህ አይደለም።"

ቴይዜ ናቸው። ለካ የሲቫስ ሰው ናቸው። ሆጃ ሙዚቃውን አቆመ። አልተቆጣም። "እስቲ ያሳዩን ቴይዜ" አላቸው። ተነሱ። ጫማቸውን አወለቁ። የልጅ ልጃቸውን በአንድ እጅ፣ ጡረተኛዋን በሌላ እጅ ያዙ። ሰውነታቸው ከባድ ነው፤ ጉልበታቸውም ሳይታመም አይቀርም። ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው። ሆጃ ካሳየን እርምጃ የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ዘግየት ይላሉ። እግር ሊያርፍ ሲል አየር ላይ ትንሽ ይቆያል። ያቺ ቆይታ ቁጥር የላትም። አራትም አምስትም አይደለችም። ሁላችንም ሞከርን። ማንም አልቻለም።

"እኛ ሰፈር ሽማግሌዎቹ በዚህ ክፍል ይገቡ ነበር" አሉ ቴይዜ ወደ ወንበራቸው እየተመለሱ። "ሲፈጥን ይወጣሉ። ልጆቹ ይቀራሉ።"

ሆጃ ወደ እኛ ዞረ። "ትክክሉ የሳቸው ነው" አለ። "እኔ ግን ያንን ላስተምራችሁ ብል እዚህ ዓመት እንቆያለን።"

ስለዚህ ንግግር ብዙ አስቤአለሁ። ሆጃ የሚያስተምረው ሃላይ የመንደር ሃላይ እንዳልሆነ ያውቃል። የመጣበትም መንገድ ግልጽ ነው። ሪፐብሊኩ ሲመሠረት የመንደሩ ጭፈራ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሰሊም ስሪ ታርጃን የሚባል ስዊድን ሄዶ ጂምናስቲክ የተማረ ሰው ዘይቤክን ለአዳራሽ እንዲመች አድርጎ አስተካክሎ በ1925 ኢዝሚር ላይ ለሪፐብሊኩ መሥራች ለአታቱርክ አሳየ። በ1932 በየከተማው የሕዝብ ቤቶች የሚባሉ የባህል ማዕከላት ተከፈቱና ሰው የየአካባቢውን ዘፈንና ጭፈራ መሰብሰብ ጀመረ። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ በ1936 መጥቶ ከቱርካዊው የሙዚቃ ደራሲ ከአህመድ አድናን ሳይጉን ጋር አዳና አካባቢ መንደር ለመንደር እየዞረ ዘፈን ቀርጿል። በ1950ዎቹ አንድ ትልቅ ባንክ የጭፈራ ፌስቲቫል ስፖንሰር አደረገ። ከዚያ የትምህርት ቤቶች ውድድር መጣ። በ1975 የመንግሥት የባህል ጭፈራ ቡድን ተቋቋመ።

ውድድር ሲመጣ ዳኛ ይመጣል። ዳኛ ሲመጣ ነጥብ ይመጣል። ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ ለሚቆጠር ነገር ነው፦ እግር እኩል ተነሳ ወይ፣ ሰልፉ ቀጥ ብሏል ወይ፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ነው ወይ። የቴይዜ ዘግየት ማለት ነጥብ አያስገኝም። እንዲያውም ያስቀንሳል።

እኛም ዘንድ ይኼ ነገር አለ። አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ አምስት ስድስት ጨፋሪዎች በአንድ ምሽት ከጎንደር ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ትግራይ ልብስ እየቀየሩ ይሄዳሉ። ኦሮምኛው ላይ ጎፈሬ ያደርጋሉ። የሚያውቅ ሰው ሲያይ "የእኛ እንዲህ አይደለም" ይላል። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ቱሪስት ግን እጁ እስኪቀላ ያጨበጭባል። ብዙ ጊዜ ይኼንን ሰው ሲያጣጥለው እሰማለሁ። የፈጠራ ነው ይላሉ። እኔ እንደነሱ ለመፍረድ አቅም የለኝም። የሆጃ ቁጥር ባይኖር ባንክ ቤቱ ልጅና እኔ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ነበር የምንቀረው። ቁጥሩ ለማያውቅ ሰው የተከፈተ በር ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ቴይዜን የሚያስቀምጥ ወንበር እንጂ ቴይዜን የሚጠይቅ ሰው የሌለበት አዳራሽ። የእኛ ሆጃ ጠየቃቸው። ሁሉም አይጠይቅም።

ሌላም ነገር አለ። ማስታወቂያው ላይ "የቱርክ" ተብሎ የተጻፈው ጭፈራ ድንበር አያውቅም። ሃላይን ኩርዶች ጎቨንድ ብለው ይጨፍሩታል። አረቦቹ ጋ ስትሄዱ ዳብኬ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮቻሪን ዩኔስኮ በ2017 በአርመን ስም፣ በ2018 ደግሞ ያሊ ከሚባለው ጋር አድርጎ በአዘርባጃን ስም መዝግቦታል። ሁለቱ አገሮች ጦር ተማዘዋል። ጭፈራው ግን ትከሻ ለትከሻ ነው የሚጨፈረው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሕክምና ተማሪዋ የኩርድ ልጅ ነበረች። ሆጃ "የዲያርባክር" እያለ ያስተማረንን እሷ ዝም ብላ እየሳቀች በቤቷ ስም ትጠራው ነበር።

ከሰዓት ሆሮን ሆነ። እዚህ ላይ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ምክንያቱም ጠዋት ስንተዋወቅ "ኢትዮጵያ" ስል አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ የእስክስታ ቪዲዮ ለሁሉም አሳይታ ነበር። ሆሮን ደግሞ የትከሻ ጭፈራ ነው። ከትራብዞን፣ ከሪዜ፣ ከአርትቪን የመጣ ነው። በሰባት ምት ይሄዳል፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው። ተያይዘው ክብ ሠርተው እጃቸውን ሽቅብ አንስተው ይንቀጠቀጣሉ። እዚያ አካባቢ ሃምሲ የምትባለው ትንሽ ዓሣ መረብ ውስጥ ስትንፈራገጥ ታይቶ የተጀመረ ነው ይላሉ። የሆሮን ሙዚቃ በኬመንቼ ነው። ባለ ሦስት ክር ጠባብ መሣሪያ ነው፤ እንደ ማሲንቆ በደጋን ይገዘገዛል። ማሲንቆ አንድ ክር ይበቃዋል። አዝማሪ እየዞረ እንደሚጫወተው ሁሉ የኬመንቼ ተጫዋችም ክቡ መሐል ገብቶ ጨፋሪዎቹን እያየ ይጫወታል። ወደ ሪዜና አርትቪን ደግሞ ቱሉም የሚባል ከፍየል ቆዳ የሚሠራ የሚነፋ ነገር አለ።

ሙዚቃው ሲጀምር ትከሻዬ ተነሳ። ደስ አለኝ። በመጨረሻ የማውቀው ነገር መጣ አልኩ።

ሆጃ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ትንሽ አየኝ። "ቆንጆ ነው" አለኝ። "ግን ሆሮን አይደለም። ነገ ስትመጪ ትከሻሽን እቤት ትተሽው ነይ።"

ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን ቁም ነገሩን ነው። አስረዳኝ። እስክስታ ላይ እግር ረጋ ብሎ ትከሻ ለብቻው ይሠራል። ሆሮን ላይ ትከሻው አይሠራም፤ ይመጣበታል። እግሩ መሬቱን በአጭር በአጭሩ ይመታል፣ ጉልበቱ እንደተፈታ ይቆያል፣ ንዝረቱ በወገብ አልፎ ትከሻ ላይ ሲደርስ ይታያል። ትከሻውን አውቆ የሚያንቀሳቅስ ሰው ንዝረቱን ይዘጋዋል። ሆጃ የሪዜ ሰው ነው፤ ሲያሳይ ከጫማው እስከ አንገቱ አንድ ነገር ነው የሚመስለው። ከዚያ "አል አሻ!" ብሎ ይጮሃል። ያኔ ሁሉም እጁን አውርዶ ጎንበስ ይላል።

ጉልበቴን ለመፍታት ሞከርኩ። ትከሻዬን ለመያዝ ሞከርኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አልሆነልኝም። የሚገርመው ሃላይ ላይ ያስቸገረው የባንክ ቤቱ ልጅ ሆሮን ላይ ጎበዝ ወጣው። ትከሻ የሚባል ነገር ስለሌለው ይመስለኛል።

ሆሮንም የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። እዚያ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት የጶንጦስ ግሪኮች በ1923ቱ የሎዛን ስምምነት የሕዝብ ልውውጥ ሲደረግ ወደ ግሪክ ተሰደዱ። ኬመንቼውን ይዘው ነው የሄዱት። ዛሬም ሰሜን ግሪክ ውስጥ ያው ጭፈራ ይጨፈራል። ሆጃ ይህን የነገረን ውሃ ስንጠጣ ነው፤ እሱ እንደ ዋዛ ነው ያወራው። የአያቱ ጎረቤቶች ነበሩ አለ።

እሁድ ጠዋት ሁሉም እያነከሰ መጣ። ደረጃ መውረድ ችግር ሆኗል። ጡረተኞቹ ባልና ሚስት ብቻ ደህና ነበሩ። ምን እንደሚበሉ መጠየቅ ነበረብኝ።

ዘይቤክ ነበር የጠዋቱ። ከሁሉም እኔን የነካኝ እሱ ነው። በዘጠኝ ምት ነው የሚሄደው፣ ግን በጣም ዝግ ይላል። አንድ ሰው ብቻውን ክንዱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይቆማል። ከመጨፈሩ በፊት ይዞራል። ዝም ብሎ ሜዳውን እየተንጎራደደ ይዞራል። ምት አይከተልም፣ እርምጃ አይቆጥርም። ከዚያ ይጀምራል። ይንበረከካል፣ ጉልበቱ መሬት ይነካል፣ ይነሳል። በመካከል ብዙ መቆም አለ።

ሆጃ ሲንጎራደድ ሳይ ሽለላ ነው ያየሁት። ያው ነው። ሸላዩ ከመሸለሉ በፊት ወዲያና ወዲህ እንደሚለው፣ ሰዉን እያየ፣ ማንንም ሳያይ። ጠመንጃው ብቻ ነው የቀረው። ስለ ዘይቤክ ታሪክ ሲነግረን ደግሞ አልገረመኝም። ዘይቤኮች የኤጅያን ተራሮች ሽፍቶች ነበሩ። መሪያቸው ኤፌ ይባላል። የኦቶማን መንግሥት ያሳድዳቸው ነበር። በግንቦት 1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚር ሲገባ ግን ብዙዎቹ ለአገራቸው ተዋጉ። ዮሩክ አሊ ኤፌ የሚባለው በአይድን በኩል ስሙ የተነሳ ነው። ሽፍታ የነበረው አርበኛ ሆነ። የበላይ ዘለቀን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም።

ድሮ ኤፌ ሲጨፍር ሌላ ሰው ሜዳው ውስጥ አይገባም ነበር አሉ። የታርጃን ዘይቤክ ግን ሴትና ወንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው እንዲጨፍሩት ታስቦ የተሠራ ነው። እኛም ሴቶቹ ጨፈርን። የሚከብደው እርምጃው ሳይሆን መቆሙ ነው። ክንድ ተዘርግቶ፣ አንድ እግር ላይ፣ ምንም ሳይደረግ። ልጃገረዶቹ ቸኮሉ። ሆጃ "የት ልትሄዱ ነው?" ይላቸዋል። እዚህ ላይ ቴይዜ ምንም አላሉም። ዘይቤክ የሳቸው አገር አይደለም።

ካርሺላማ ላይ ብዙ አልቆይም። የትራክያ ነው፣ የኤዲርኔና የተኪርዳ። ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ይቀራረባሉ፣ ይለያያሉ። ይኼም ዘጠኝ ምት ነው፣ ግን ፈጣን፤ ሁለት ሁለት ሁለት ሦስት። መጨረሻ ላይ ያለችው ሦስቷ እግርን ታሰናክላለች። ፊት ለፊት ስለሆነ እስክስታ ለለመደ ሰው ይቀላል። ደስ ይላል። ጊዜው ግን አልበቃም፤ የማስታውሰው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። የአንካራን ጭፈራ ለምን አላካተታችሁም? አንካራ የራሷ ሴይመኖች አሏት፤ የባህል ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩ ጎበዞች ናቸው። አታቱርክ ታኅሣሥ 27 ቀን 1919 ከተማዋ ሲገባ የተቀበሉት እነሱ ናቸው። ሆጃ ትከሻውን ነቀነቀ። "ለአንካራ ጭፈራ ማን ይከፍላል?" አለ። ሁሉም ይችለዋላ። ታክሲ ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ። ባንክ ቤቱ ልጅ ተነስቶ ጣቱን እያንቋቋ አሳየን። እውነትም ይችላል።

እሁድ ከሰዓት የዳቩልና የዙርና ሰዎች መጡ። እስከዚያ ድረስ የተማርነው በስፒከር ነው። ልዩነቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ አዳራሹ ነው የተንቀጠቀጠው። የዳቩል መቺው በቀኝ እጁ ወፍራም መምቻ፣ በግራው ቀጭን ዘንግ ይዟል። ወፍራሙ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ቀጭኑ ጆሮ ላይ ይንጫጫል። የዙርናው ሰው ትንፋሽ አያቋርጥም። በአፍንጫው እያስገባ ጉንጩ ውስጥ ያጠራቀመውን ያወጣል። ዜማው የሚቆምበት ቦታ የለም። ለነሱ መሸለም እንደ አዝማሪ ነው፤ ገንዘብ ይሰጣል። ጡረተኛው ሸለሟቸው።

ከስፒከር ጋር የማይሄደው ነገር ይኼ ነው፤ ዳቩል መቺው እግራችንን ያያል። ስንዘገይ ይዘገያል። ሲገባን ይፈጥናል። ቴይዜ በሲቫሱ ላይ ሲገቡ ያቺ አየር ላይ የምትቆየዋን ነገር አየና ምቱን ያዘላቸው። ማንም አልነገረውም።

ሊያልቅ ሲል ልጃገረዶቹ ለቀቅ አላደረጉኝም። እስክስታ አስተምሪን አሉ። ሆጃም "ዛሬ ትከሻሽን አምጪው" አለኝ። ወጣሁ። አሳየሁ። ዝም ብለው አዩኝና አንዷ "ስንት ነው?" አለች። ስንት ቁጥር ነው ማለቷ ነው። እኔ ቆጥሬው አላውቅም። ማን ይቆጥረዋል? ሰዉ ያጨበጭባል፣ ትገቢያለሽ። እስቲ አጨብጭቢ አለኝ ዳቩል መቺው። አጨበጨብኩለት። ትንሽ አዳመጠና ወፍራሙን መምቻ አስቀምጦ በእጁ ብቻ ያዘው። "ስድስት ነው" አላቸው። ተረጋጉ። አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት እያሉ ትከሻቸውን ያወርዱ ጀመር።

እግዜር ያሳያችሁ። ሁሉም ሰው ትከሻውን እኩል ያወርዳል። እኩል ያነሳል። አንድም የሚቀድም፣ አንድም ከራሱ የሚጨምር የለም። ፊት ለፊት ቁሙ ብላቸውም ሰልፍ ሠሩ። ትንሿን ጣት ሳይያዙ ትከሻ አይወርድላቸውም። ጥጉ ላይ ያለችው ቴይዜ ወንበር ባዶ ናት፤ እሳቸውም ሰልፉ ውስጥ ገብተዋል። "እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም" ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። የእኔ ሰፈር ራሱ የት ሆነና።

የባንክ ቤቱ ልጅ አንዷን ልጅ አስይዞ በስልኩ አስቀረጸ። ሰርጉ ላይ ሊያደርገው ነው። እንዳያደርገው ብዬ ለመንኩት። "አይ፣ ስድስቱን በደንብ ይዤዋለሁ" አለኝ። የዲያርባክር ወንድሞቿ ምን እንደሚሉ እንጃ። ጥሪው ደርሶኛል፤ ሄጄ አያለሁ።